በባሕር ላይ የታመመ ሰው ገመና ይጠበቅ፦ ለመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፤
ለተከበራችሁ ካፒቴኖችና የመርከብ ሐኪሞች፤

ግልባጭ፦ መርከቦቹ ለተመዘገቡባቸው አገሮች የባሕር ትራንስፖርት ባለሥልጣናት

ጉዳዩ፦ በጉዞ ላይ ድንገተኛ ሕመም የሚገጥማቸው መንገደኞች ገመና እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በመዝናኛ መርከብ ስንጓዝ ራሳችን በድንገት የታመምን ወይም ቤተሰባችን የታመመብን ሰዎች ነን። ከመካከላችን ድነው የተመለሱ አሉ፤ አብሯቸው የተሳፈረውን ሰው አስከሬን ይዘው የተመለሱም አሉ። ብዕር ያነሣነው ስለ ሕክምናው ብቃት ለመከራከር አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛ ቅሬታ ሕይወት ለማትረፍ በሚደረገው ጥድፊያ ውስጥ፣ ለሕክምናው አንዳች ጥቅም ሳይሰጥ፣ የታማሚው ገመና ለሺዎች ዓይንና ጆሮ ተላልፎ መሰጠቱ ነው።

እስካሁን እያንዳንዳችን ብቻችንን ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። በአንድነት እንድንጽፍ ያደረገን ከመካከላችን አንዷ በቅርቡ የደረሳት መልስ ነው። እናቷ በመዋኛ ገንዳው አጠገብ የሚጥል በሽታ ተነሥቶባቸው ሲወድቁ በሌሎች መንገደኞች ስልክ ተቀርጸዋል። ልጅቷ ለኩባንያው አቤት አለች። ከረጅም ጥበቃ በኋላ የመጣው መልስ፣ መንገደኞች በጋራ መገልገያ ቦታዎች የሚቀርጹትን ምስል ኩባንያው የመከልከል ግዴታ እንደሌለበትና የድንገተኛ ሕክምና አሠራሩን ለመለወጥም በቂ ምክንያት እንዳላገኘ የሚገልጽ ነበር። ስለ እናቲቱ የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረውም። በቂ ምክንያት አልተገኘም ከተባለ፣ ምክንያቶቹን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የመርከብን ልዩ ሁኔታ አስቡልን። አንድ ሰው በከተማ መንገድ ላይ ቢወድቅ የሚያዩት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አምቡላንስ መጥቶ ታማሚውን ከተመልካቹ ይለየዋል፤ ተመልካቹም ወደየጉዳዩ ይበተናል። ዳግመኛ ሳይተያዩ ሊቀሩ ይችላሉ። በመርከብ ላይ እንዲህ ያለ መለያየት የለም። ትናንት ማታ በቃሬዛ ስትወሰድ ያየህ ሰው ዛሬ ጧት ቁርስ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል። በአሳንሰሩ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ነፋስ ለመቀበል በወጣህበት ሰገነት ላይ ታገኘዋለህ፤ መርከቡ ቀጣዩ ወደብ እስኪደርስ ድረስ መሄጃ የለህም። ሦስትና አራት ሺህ ሰው የሚጭን መርከብ በስፋቱ ከተማ ቢመስልም፣ ወሬ በሚዞርበት ፍጥነት ግን ትንሽ መንደር ነው። ስለዚህ በየብስ ላይ የሚበቃ ጥንቃቄ በባሕር ላይ አይበቃም። የሚያስፈልገን የበለጠ ጥንቃቄ ሲሆን ያገኘነው ያነሰ ነው።

ከድምፅ ማጉያው እንጀምር። በበርካታ መርከቦች ላይ የሕክምና ድንገተኛ ሲፈጠር «አልፋ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይጠራና የፎቁና የካቢኑ ቁጥር ይከተላል። በአንዳንዶቹ ደግሞ «ብራይት ስታር» ይባላል። ለሠራተኞች ብቻ የታሰበ መለያ ነው ይባላል እንጂ ደጋግሞ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ያላወቀውም ከጎረቤቱ ጠይቆ ወዲያው ይረዳል። ከመካከላችን የአንዷ ባል በእኩለ ሌሊት ልባቸው ሲቆም የካቢናቸው ቁጥር በመተላለፊያው ሁሉ ተሰማ። የሐኪሙ ቡድን ሲደርስ በሮች ተከፍተው ሰዎች ቆመው ነበር። ሚስትየዋ በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ ሐኪሞቹ የባሏን ደረት ሲጫኑ እያየች ከማታውቃቸው ሰዎች ፊት ቆመች። አንዳንዶቹ ስልካቸውን አንሥተው ነበር። በማግሥቱ ሰዎች በዚያ በር ሲያልፉ ይጠቋቆሙ ጀመር። በር አንኳኩተው «ተረፉ ወይስ አረፉ?» ብለው የጠየቋትም ነበሩ። ከእነሱ መካከል ክፉ ልብ ያለው ሰው የነበረ አይመስለንም። የካቢኑን ቁጥር የነገራቸው ግን መርከቡ ራሱ ነው።

የፍጥነትን ዋጋ ዘንግተን አይደለም። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው የደረት ግፊትም ሆነ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳያገኝ የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሳለች። ያቺ ሴትም ባሏ በሕይወት የቀሩት ቡድኑ ፈጥኖ ስለደረሰ መሆኑን ታውቃለች። ነገር ግን ያንን ቁጥር ማወቅ የነበረባቸው ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ ቃሬዛ የሚይዙትና የጥበቃ ሠራተኞቹ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የእጅ ሬዲዮ ወይም የጥሪ መሣሪያ ሊይዙ ይችላሉ። የመርከብ ድምፅ ማጉያም በሠራተኞች አካባቢ ብቻ ወይም በአንድ የመርከቡ ክፍል ብቻ እንዲሰማ ተደርጎ ይዘረጋል። ይህን ቀድመው የሚሠሩበት መርከቦች አሉ። የቀሩት ያልሠሩበት ስለማይቻል ነው ብለን ማመን ይቸግረናል። ሬዲዮው በማይሠራበት አጋጣሚ የሕዝብ ድምፅ ማጉያ ግድ ከሆነም የፎቁንና የአቅጣጫውን ስም መጥራት ይበቃል፤ የካቢኑን ቁጥር በዚያ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያሳያል።

አንዳንድ ጊዜ ለሁሉም መናገር እንደሚያስፈልግም አንክድም። ብዙ ደም ለፈሰሰው ታማሚ፣ በባሕር መካከል የደም ባንክ በሌለበት፣ መርከቡ ከመንገደኞችና ከሠራተኞች መካከል ተስማሚ የደም ዓይነት ያላቸውን በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ከመካከላችን በእንዲህ ያለ ጥሪ የተረፈ ሰው አለ። ያ ጥሪ ምን ዓይነት ደም እንደሚያስፈልግና ለጋሾቹ የት መሄድ እንዳለባቸው ብቻ ተናገረ። ማን እንደታመመ፣ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደተኛ አልተናገረም። ለጋሾቹም መጡ። እንዲህ ማድረግ እንደምትችሉ ያወቅነው ከእናንተው ነው።

ወደ ስልኩ ጉዳይ እንመለስ፤ ከሁሉ የመረረን እሱ ነውና። በመዋኛ ገንዳው አጠገብ የወደቁት እናት በሚንቀጠቀጡበት ጊዜ ሽንታቸው አምልጧቸው ነበር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤተሰብ ይህን ያውቃል፤ ታማሚው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያፍረው በዚህ ነው። መርከቦች የሳተላይት ኢንተርኔት ካገኙ ወዲህ በመርከቡ ላይ የሚቀረጽ ምስል በዚያው ቅጽበት ለዓለም ይሠራጫል። ልጅየዋ በየብስ ላይ ነበረች። የእናቷን መውደቅ ያወቀችው ከኩባንያው በተደወለ ስልክ አይደለም፤ አንድ ዘመድ «ይህቺ እናትሽ አይደለችም እንዴ?» ብሎ በላከላት ምስል ነው። ኩባንያው የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ሰዓታት እናቷ ይኑሩ ይሙቱ ሳታውቅ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከምስሉ ሥር የጻፉትን ፌዝ ስታነብ ቆየች።

በስፍራው ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ ፎጣ አምጥቶ ሸፍኗቸዋል፤ ይህንንም በራሱ ደግነት ነው ያደረገው። ሰው እንዲርቅ ያዘዘ፣ ስልክ እንዲወርድ የጠየቀ፣ መከለያ ያቆመ ግን አልነበረም። ማን ይህን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር መመሪያ ስላልነበረ ሁሉም ቆመው ተያዩ። በሌላ በኩል ሄሊኮፕተር ታማሚ ሊያነሣ ሲመጣ የምታደርጉትን አይተናል። የላይኛው ሰገነት ይለቀቃል፤ መንገደኞች ከበረንዳቸው እንዲገቡ ይነገራል፤ በፍላሽ ፎቶ ማንሣት አብራሪውን ስለሚያደናግር ይከለከላል። ትእዛዙም ይከበራል። መንገደኛ ምን መቅረጽ እንዳለበት ልንቆጣጠር አንችልም የሚለው መልስ ከዚህ አሠራራችሁ ጋር እንዴት ይታረቃል? ለአብራሪው ዓይን ሲባል መከልከል ከተቻለ፣ በቃሬዛ ላይ ለተኛው ሰው ክብር ሲባልም ይቻላል። መንገደኛው ቲኬት ሲገዛ የሚፈርመው ውል ብዙ ክልከላዎች አሉት፤ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።

ሦስተኛው ቅሬታችን ከውጭ ሰው ዓይን የተሰወረ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። ከመካከላችን አንዲት ወጣት ከአክስቷና ከአክስቷ ልጆች ጋር በአንድ የክፍያ ሂሳብ ተሳፈረች። በጉዞው መካከል ከባድ የሆድ ቁርጠት ያዛትና ብቻዋን ወደ ሕክምናው ክፍል ሄደች። ሐኪሙ እንደ ሥርዓቱ የእርግዝና ምርመራ አዘዘላት። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያላትን ወጣት ያለዚያ ምርመራ ማከም ስሕተት በሆነ ነበር። ነገር ግን የሕክምናው ዋጋ በዝርዝር ወደ ጋራው ሂሳብ ተላከ። በማግሥቱ አክስትየዋ ሂሳቡን በክፍላቸው ቴሌቪዥን ላይ ስትመለከት ከመጠጥና ከልብስ አጠባ ክፍያ መካከል የምርመራው ስም ተጽፎ አገኘችው። ውጤቱ ምን እንደነበረ ለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ለአክስቷም አያስፈልግም ነበር። ወጣቷ የቀረውን ጉዞ የተጓዘችው ከማያናግሯት ሰዎች ጋር በአንድ ካቢን ውስጥ ነው። ሲመለሱም ነገሩ በዚያ አላበቃም።

ይህ የማንም ሠራተኛ ክፋት አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው። የሕክምና ክፍያ በሂሳቡ ላይ «የሕክምና አገልግሎት» ተብሎ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ለመድን ድርጅት የሚያስፈልገው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ለታማሚው ብቻ ይሰጥ። እንዲህ ቀላል መፍትሔ ያለው ነገር ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ ያንገበግባል።

በሕክምና ክፍሉ መግቢያ የሚደረገውም ከዚህ አይለይም። «ለምን መጡ?» የሚለው ጥያቄ ወንበር ላይ ተደርድረው በሚጠብቁት ሰዎች ፊት፣ በከፍተኛ ድምፅ ይጠየቃል። መልሱም በዚያው ይሰጣል። ቦታው ጠባብ መሆኑን እንረዳለን፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ግን ቦታ አይፈጁም።

ስለ አስተርጓሚ የምንነግራችሁን ደግሞ ሐኪሞቻችሁ በተለይ እንዲያነቡት እንፈልጋለን። የመርከቡን የሥራ ቋንቋ የማይናገሩ አንድ አዛውንት የሽንት መታወክ አጋጥሟቸው ሄዱ። ለማስተርጎም የተጠራው በየምሽቱ ምግብ የሚያቀርብላቸው አስተናጋጅ ነበር። ወጣቱ በቅንነት ረዳቸው፤ የሰማውንም ለማንም አልተናገረም። አዛውንቱ ግን ከልጃቸው በሚያንስ ወጣት፣ ነገም ሾርባ በሚያቀርብላቸው ሰው አፍ ሁሉን መናገር ከበዳቸው። ሽንታቸው ደም የቀላቀለ መሆኑን ሳይናገሩ ቀሩ። ሐኪሙም ያልሰማውን ሊያክም አልቻለም። ነገሩ የታወቀው ከቀናት በኋላ በየብስ ላይ፣ ሕመሙ ሲብስባቸው ነው። እንግዲህ ገመናን መጠበቅ ከሕክምናው ውጪ የሆነ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ምሥጢሩ እንደማይጠበቅለት የጠረጠረ ታማሚ ግማሹን ሕመሙን ይዞ ይመለሳል። በስልክ የሚሠሩ ሙያዊ የሕክምና አስተርጓሚዎች አሉ፤ ለቪዲዮ ጨዋታና ለፊልም የበቃው የሳተላይት መስመር ለዚህም ይበቃል።

ካፒቴኖችን በቀጥታ ልናናግር የምንፈልገው በመርከቡ አቅጣጫ መለወጥ ጉዳይ ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበትን ሰው ለማዳን መርከቡ ጉዞውን ትቶ ወደ ቅርብ ወደብ መዞሩ የባሕር ሰዎች የቆየ ክብር ነው። መንገደኞችም ምክንያቱን የመስማት መብት አላቸው። ይሁንና ከመካከላችን በአንዱ ላይ በደረሰው ጉዳይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ታማሚው ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጡ፣ ምን እንዳጋጠማቸውና ቀደም ብሎ የነበረባቸውን በሽታ ጭምር ተናገረ። ምናልባት የመንገደኛውን ርኅራኄ ለማግኘት ብሎ ይሆናል። የተገኘው ግን ሌላ ነበር። በምግብ አዳራሹ ውስጥ «እንዲህ ያለ በሽታ እያለባቸው ለምን ተሳፈሩ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ሻንጣ ለመሰብሰብ ወደኋላ የቀረው የታማሚው ልጅ፣ ማንነቱን ከማያውቁ ሰዎች ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ፣ አባቱ ያበላሹባቸውን የአንድ ቀን ሽርሽር ሲያማርሩ ሰማ። «በሕክምና ምክንያት አቅጣጫ ለውጠናል፤ የምንደርሰው በዚህ ሰዓት ነው» ማለት በቂ ነበር።

ከመርከብ ወደ የብስ በሚደረገው ርክክብም ብዙ ምሥጢር ይፈስሳል። ታማሚው በወደብ ሲወርድ የሕክምና ማስረጃው ከፓስፖርቱና ከሻንጣው ዝርዝር ጋር በአንድ ክፍት ማኅደር ተደርጎ ለወደብ ወኪል ይሰጣል። ወኪሉ ሐኪም አይደለም። ታክሲ ይጠራል፣ ሆቴል ይይዛል፤ ለዚህ ሥራው የሰውየውን የደም ምርመራ ውጤት ማንበብ አያስፈልገውም።

ስለ ሞት አጭር ነገር እንበል፤ በዚህ ላይ ብዙ ለመጻፍ አቅም የለንም። አስከሬን በምሽት መዝናኛ ሰዓት ሰው በሞላበት መተላለፊያ የተወሰደባት እኅት ከእኛ ጋር አለች። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የጄኔቫ ቃል የተባለው የሐኪሞች መሐላ፣ በኋላ ተሻሽሎ፣ ሐኪሙ የታማሚውን ምሥጢር ከሞቱም በኋላ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። መርከቡ ለዚህ ቃል የሚሆን ሰዓትና መንገድ ሊመርጥለት ይገባል።

የገመና ጥበቃ ወሰን እንዳለውም እናውቃለን። በመርከብ ላይ የሚዛመት በሽታ ሲነሣ ለጤና ባለሥልጣን መናገር ግድ ነው፤ የሌሎች ሕይወት ያለው በዚያ ላይ ነውና። ነገር ግን ለባለሥልጣን መናገርና ለጎረቤት መናገር የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከ1975 ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚከታተል ፕሮግራም አለው። በሚከታተላቸው ጉዞዎች ከመንገደኞቹ ወይም ከሠራተኞቹ 3 በመቶ ያህሉ የተቅማጥና የትውከት ምልክት ሲያሳዩ የመርከቡን ስም፣ የታመሙትን ቁጥርና የታወቀውን መንስኤ ለሕዝብ ይገልጻል። የታማሚዎቹ ስምና የካቢን ቁጥር ግን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በዮኮሃማ ወደብ ለይቶ ማቆያ የገባችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰዎች ነበሩባት፤ ከ700 በላይ የሚሆኑት በኮሮና ቫይረስ ተያዙ። ዓለም ስለ በሽታው የተማረው ከእነዚያ ሰዎች ቁጥር፣ ዕድሜና የሕመም ሁኔታ ነው። ማንነታቸውን ማወቅ ለማንም አላስፈለገም። የዓለም ጤና ድርጅት አባላት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም በአንቀጽ 45 የግለሰብ የጤና መረጃ በምሥጢር እንዲያዝ ያዝዛል። በመርከቦቻችሁ ላይ ግን ከካቢን እንዳይወጡ የታዘዙ ሰዎች በር ላይ ለሁሉም የሚታይ ምልክት ሲለጠፍ አይተናል። ውጤቱን ታውቁት ይሆናል፤ ተቅማጥ የያዘው ቀጣዩ ሰው ያንን ምልክት ፈርቶ ይደብቃል፤ በጋራ ማዕድ ላይም ይቀርባል።

ሕግ የለም እንዳይባል ጥቂት እንጨምር። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት 100 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ጭኖ ከሦስት ቀን በላይ በሚወስድ ዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሰማራ መርከብ ብቁ ሐኪም እንዲይዝ ያስገድዳል። ይኸው ስምምነት የታመመ መርከበኛ የሕክምና ቅጽ በምሥጢር እንዲጠበቅና ለሕክምናው ብቻ እንዲውል በግልጽ ይደነግጋል። መርከበኛው ይህን ማግኘቱ ተገቢ ነው። በዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ሐኪም የሚታከመው መንገደኛ ግን በዚያ ስምምነት አልተጠቀሰም። የአቴንስ ስምምነትም ስለ መንገደኛ ሞትና ጉዳት ካሣ ይናገራል እንጂ ገመናን አያነሣም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መካከል መድቦታል፤ ነገር ግን አንዱ መርከብ በማልታ፣ ሌላው በባሃማስ፣ ሦስተኛው በፓናማ ይመዘገባል። አንድ ሰው በአንድ ባሕር ላይ ሳለ የገመናው ዋጋ መርከቡ በተመዘገበበት አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚለዋወጥ መሆን የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የመዝናኛ መርከቦች ደኅንነት ሕግ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበት መንገደኛ የምርመራ መረጃው በምሥጢር እንዲጠበቅለት፣ ብቻውን የሚጠቀምበት ስልክና ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተርም እንዲቀርብለት ያዝዛል። ሕጉ ሲያዝ መርከቦች ቦታውንም ሥርዓቱንም አገኙለት። ሐኪሙ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ነውና የእሱ ጥፋት አይመለከተንም የሚለው የቆየ መከላከያም ተሸርሽሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ አሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመርከብ ኩባንያ በሕክምና ሠራተኞቹ ጥፋት ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። የሕክምና ክፍሉ የእናንተ ነው፤ በዚያ የሚባክነው ምሥጢርም እንዲሁ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የድንገተኛ ሕክምና ጥሪ በሠራተኞች ሬዲዮና በሠራተኞች አካባቢ ብቻ ይተላለፍ፤ የካቢን ቁጥር በሕዝብ ድምፅ ማጉያ ፈጽሞ አይጠራ። ቃሬዛና የልብ መሣሪያ በሚወጣበት ሁሉ ተጣጣፊ መከለያ አብሮ ይውጣ፤ ከቡድኑ አንድ ሠራተኛ ሥራው ሰው ማራቅና ስልክ ማስወረድ ብቻ ይሁን። ይህ ሠራተኛ በልምምድ ጊዜም ይለማመድ፤ የእሳት አደጋ ልምምድ የምታደርጉትን ያህል ይህንንም አድርጉ። በሕክምና ላይ ያለን ሰው መቅረጽ በጉዞ ውሉ ውስጥ ይከልከል፤ በመጀመሪያው ቀን የደኅንነት ገለጻ ላይም ለመንገደኛው በግልጽ ይነገረው። ምስል ተሠራጭቶ ሲገኝ ኩባንያው ቤተሰቡን ወክሎ እንዲነሣ ይጠይቅ፤ ይህን ብቻዋን ስታደርግ የኖረችው ልጅ ስንት በር እንዳንኳኳች እናውቃለን።

የታማሚው ቤተሰብ ከማንም አስቀድሞ በስልክ ይነገረው፤ ለማን እንደሚነገር ደግሞ ታማሚው በሚሳፈርበት ጊዜ ራሱ ይጻፍ። በጋራ ሂሳብ ላይ የሕክምና ዝርዝር አይውጣ። አስተርጓሚ ከመርከቡ አስተናጋጆችና ከሌሎች መንገደኞች መካከል የሚጠራው ሕይወት በቅጽበት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ይሁን። ለወደብ ወኪል የሚሰጠው ማኅደር የሕክምና ማስረጃ አይኑረው፤ እሱ ታሽጎ ለታማሚው ወይም ለተቀባዩ ሆስፒታል ይሰጥ። ካፒቴኖች ስለ ታማሚ ዕድሜ፣ ዜግነትና የበሽታ ዓይነት በድምፅ ማጉያ አይናገሩ። ከካቢን እንዳይወጡ በታዘዙ ሰዎች በር ላይ የሚለጠፈው ምልክት ይነሣ፤ ለጽዳትና ለምግብ ሠራተኞች የሚያስፈልገው መረጃ በሥራ ዝርዝራቸው ይድረሳቸው።

የባሕር ትራንስፖርት ባለሥልጣናትን የምንጠይቀው፣ ለመርከበኛው የሕክምና ቅጽ የተሰጠው ጥበቃ ለመንገደኛውም እንዲደነገግ በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ፊት ሐሳብ እንድታቀርቡ ነው። እስከዚያው ድረስም መርከብ ስትመረምሩ ስለ ምሥጢር አጠባበቅ የተጻፈ መመሪያ መኖሩን ጠይቁ።

ከኩባንያዎቹ የምንጠብቀው መልስ በጽሑፍ፣ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ቀን እንደሚፈጸም የሚገልጽ እንዲሆን ነው። የማይፈጸም ካለም ምክንያቱ ይጻፍልን። የሚጥል በሽታ ላለባቸው እናት ደግሞ፣ ከሁሉ አስቀድሞና ከማናቸውም ውሳኔ በፊት፣ በስማቸው የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ ይላክላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በመዝናኛ መርከብ ላይ ድንገተኛ ሕመም የገጠማቸው መንገደኞችና ቤተሰቦቻቸው
አስተባባሪ